አዲስ ፕሮሰሰር ካስገባን በኋላ «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ ይበሳሉ፤ ባለ አንድ ድምፅ ማጉያ ሬዲዮ ላይ ደግሞ አቅራቢው ይጠፋል

ቴክኒሻኗ (ሰኞ ምሽት)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የክልል ከተማ ባለ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ በቴክኒክ ክፍል እሠራለሁ። ስቱዲዮው መሀል ከተማ ነው፤ ማሰራጫው ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ላይ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ዲጂታል ማይክሮዌቭ ሊንክ ነው።

እስካለፈው ወር ድረስ ድምፁ ከሚክሰር ተነሥቶ በአንድ ቀላል ኮምፕሬሰር (የጎላውንና የደከመውን ድምፅ የሚያቀራርብ ዕቃ) በኩል ወደ ሊንኩ፣ ከሊንኩ ወደ ኤክሳይተሩ (ድምፁን በኤፍኤም ሞገድ ላይ የሚጭነው የማሰራጫው ክፍል) ይገባ ነበር። ስቴሪዮውን የሚሠራው የኤክሳይተሩ የራሱ ስቴሪዮ ጀነሬተር ነው። ድምፃችን ደከም ያለ ቢሆንም ንጹሕ ነበር። በቅርቡ አሜሪካ የሚኖሩ የከተማችን ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ያገለገለ፣ ግን ጥሩ ይዞታ ያለው ባለ ብዙ ባንድ ፕሮሰሰር (ድምፁን ከመሰራጨቱ በፊት በየድምፅ ክልሉ ለይቶ የሚያመጣጥንና የሚገድብ ዕቃ) ገዝተው ላኩልን። ከመሰካታችን በፊት የቮልቴጅ መምረጫውን ከ115 ወደ 230 አዙረናል፤ ፊውዙንም ለዚያው በሚስማማው ቀይረናል። አዲስ ገመድ ተሠርቶለት ስቱዲዮው ራክ (የዕቃ መደርደሪያ) ላይ ተተከለ።

ከዚያ ወዲህ ዜና አንባቢዋ «ስብሰባ»፣ «ሽማግሌዎች»፣ «ጸጥታ» ባለች ቁጥር ድምፁ ይሰነጠቃል። ማሲንቆና ጸናጽል ያለበት ሙዚቃም ይሻክራል። ገበያ ውስጥ ባለ አንድ ድምፅ ማጉያ ሬዲዮ የሚያዳምጡ ሰዎች ደግሞ «አቅራቢው እንስራ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ይመስላል» ይሉናል። በስልክ ማዳመጫ ሲሰማ ግን አቅራቢው አለ። ከዚህ ሌላ ከበስተጀርባ የማያቋርጥ እምታ ይሰማል።

በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉትን ዝግጁ ቅንብሮች በየተራ ሞክሬ ለውጥ አላመጡም። ሥራ አስኪያጃችን «የተበላሸ ዕቃ ነው የላኩልን» ብለው ሊያስነሡት ነው። እኔ ግን ዕቃው ጤነኛ ይመስለኛል። ሰዎቹ ከዕለት ገቢያቸው ቀንሰው ያዋጡበት ነገር ሳይመረመር መጋዘን እንዲገባ አልፈልግም። ከየት ልጀምር?


ቀጥታ ስርጭት

እህቴ፣ እኔ የፕሮግራም አቅራቢ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ግን ፕሮሰሰር በመጣ ጊዜ የእኛም ጣቢያ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት ነበር። የከፍተኛ (የቀጫጭን) ድምፆችን ማስተካከያ ዝቅ አድርገው ነው የተገላገሉት። በጥቅሉ ድምፁን ግን እንዳትቀንሺው። አድማጭ ጣቢያ ሲቀያይር ጎላ ብሎ የሚሰማው ላይ ይቆማል።


ሞገድ 19

ከፍተኛውን ድምፅ ዝቅ ማድረግ ሕመሙን ማዳፈን ነው። መጀመሪያ ችግሩ ያለበትን ቦታ መለየት ያስፈልጋል። የድምፁን መንገድ ከሚክሰር እስከ አንቴና በወረቀት ላይ ሣይውና መሀሉ ላይ ቁረጪው። የፕሮሰሰሩ የፊት ገጽ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ካለው እዚያ አዳምጪ። እዚያ ድምፁ ንጹሕ ከሆነ ችግሩ ከፕሮሰሰሩ በኋላ ነው። እዚያም ከተሰነጠቀ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ወይም ከእሱ በፊት ነው። አንድ ጊዜ በማዳመጥ ግማሹን መንገድ ከጥርጣሬ ነጻ ታወጪዋለሽ።

ከፕሮሰሰሩ ወደ ሊንኩ የሚሄደው ምንድን ነው? ግራና ቀኝ ለየብቻ ነው ወይስ የተቀናበረው ኤምፒኤክስ (ግራና ቀኙ ተዋሕደው በአንድ ገመድ የሚሄዱበት ሙሉ የስቴሪዮ ሲግናል)? የሊንኩ ሞዴል ሳይሆን የገመዱ ዓይነት ነው የሚያስፈልገኝ።


ቴክኒሻኗ

ግራና ቀኝ ለየብቻ፣ በኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግር የድምፅ) ገመድ ነው የሚሄደው። ሊንካችን ኤምፒኤክስ አያሳልፍም። በጆሮ ማዳመጫው አዳምጬ «ሰ» ለስላሳ ነው፤ ምንም አይሰነጠቅም። ስለዚህ ችግሩ ከፕሮሰሰሩ በኋላ መሆን አለበት። ግን ከፕሮሰሰሩ በኋላ ያለው ሁሉ ለዓመታት ያለ ችግር የሠራ ነው!


የድሮ ማሰራጫ

ልጄ፣ ሁለቱም ጤነኛ ሆነው አንድ ላይ ሲገናኙ ሊጣሉ ይችላሉ። የነገርሽን ሁሉ አንድ ላይ ሳየው የምጠረጥረው ፕሪኤምፋሲስን ነው፤ ለሚከተሉሽም ይጠቅም ዘንድ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

በኤፍኤም ከፍተኛ ድምፆች ከመሰራጨታቸው በፊት ሆን ተብሎ ይጎላሉ፤ ፕሪኤምፋሲስ የሚባለው ይህ ነው። ተቀባዩ ሬዲዮ በዚያው ልክ መልሶ ዝቅ ያደርጋቸዋል፤ ያን ጊዜ በመንገድ የተቀላቀለው ሽሽታም አብሮ ይቀንሳል። የማጉላቱ መጠን የሚለካው በማይክሮሰከንድ ነው። በአሜሪካና በደቡብ ኮሪያ 75 ነው፤ በአውሮፓ፣ በአፍሪካና በአብዛኛው የቀረው ዓለም 50። የ50ው ኩርባ 10 ኪሎ ኸርዝ ላይ ድምፁን 10 ዴሲቤል ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ የ75ቱ ደግሞ 14 ዴሲቤል ያህል።

ይህን ሥራ በሰንሰለቱ ውስጥ መሥራት ያለበት አንድ ዕቃ ብቻ ነው። የእናንተ ኤክሳይተር ለዓመታት ሲሠራው ኖሯል። አሁን ከአሜሪካ የመጣው ፕሮሰሰር በ75 አጉልቶ ይሰጠዋል፤ ኤክሳይተሩ በዚያ ላይ የራሱን 50 ይደርብበታል። 10 ኪሎ ኸርዝ ላይ በድምሩ 24 ዴሲቤል ይሆናል። የአድማጩ ሬዲዮ የሚቀንሰው 10 ብቻ ስለሆነ 14 ዴሲቤል ትርፍ ይቀራል። ኤክሳይተሩም ያን ሁሉ መሸከም ስለማይችል አናቱን ይቆርጠዋል። የምትሰሙት መሰንጠቅ ያ ነው። «መ» እና «ለ» ጉልበታቸው ዝቅተኛ ድምፆች ላይ ስለሆነ አይነካቸውም፤ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ጸ» ግን ትርፉ ያለበት ቦታ ላይ ናቸው። የጆሮ ማዳመጫው መሰኪያ በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ ኩርባው የተመለሰለት ድምፅ ስለሚሰጥ እዚያ ንጹሕ መሆኑ አይገርምም።

በግምት እንዳትሠሪ ለክተሽ አረጋግጪ። ፕሮሰሰሩን በፈተና ሁነታ አድርጊው፤ ኮምፕሬሰሩና ሊሚተሩ (የድምፁን ጫፍ የሚገድበው ክፍል) ይውጡ፣ ፕሪኤምፋሲሱ ግን ይቆይ። ሌሊት ስርጭት ካበቃ በኋላ ከኮምፒውተር 400 ኸርዝ ድምፅ በግራ ቻናል ብቻ ላኪ። ኤክሳይተሩ ላይ የሚታየው ዲቪዬሽን (ድምፁ የማሰራጫውን ሞገድ የሚያወዛውዝበት መጠን) ፓይለቱ (ስቴሪዮ መሆኑን ለሬዲዮው የሚያመለክተው የ19 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ) ሳይጨመር 3 ኪሎ ኸርዝ እስኪሆን ድረስ ዝቅ አድርጊው። ከዚያ መጠኑን ሳትነኪ 10 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ ላኪ። ሰንሰለቱ ጤነኛ ከሆነ 10 ገደማ ያሳያል። ሁለት ጊዜ እየጎላ ከሆነ ግን ወደ 48 ይጠጋል።


ከዋሽንግተን ዳርቻ

የጋሼን አባባል አጠናክራለሁ። እዚህ በአንድ አነስተኛ ጣቢያ በሳምንት አንድ ቀን የአማርኛ ፕሮግራም እናሰራጫለን፤ በቴክኒኩም እረዳለሁ። እዚህ ያገለገለ ዕቃ ሲሸጥ ሁሌም በ75 ላይ ነው የሚመጣው። ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚገዙ ወገኖች የቮልቴጁን ነገር ይጠይቃሉ፤ የማይክሮሰከንዱን ግን የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። ከመላኩ በፊት ሁለቱንም ማስተካከል የሻጩ ሥራ ቢሆን ስንት ጣቢያ ከድካም ይድን ነበር!


ቴክኒሻኗ (ረቡዕ ጠዋት)

ሌሊቱን ለካሁት። 400 ኸርዙ 3 ላይ ሆኖ 10 ኪሎ ኸርዙ 47 አሳየ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አሁን የትኛውን ላጥፋ? የፕሮሰሰሩን ወይስ የኤክሳይተሩን?


የድሮ ማሰራጫ

ፕሮሰሰሩ ስቱዲዮ ውስጥ እስካለ ድረስ የኤክሳይተሩ 50 ይቆይ። የፕሮሰሰሩን ፕሪኤምፋሲስ 50 አድርጊው፤ ውጤቱን ደግሞ «ፍላት» በሚለው ላይ። ሁለቱ የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው፤ ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ነክቶ ይተወዋል። የመጀመሪያው ሊሚተሩ የትኛውን ኩርባ አስቦ እንደሚገድብ ይነግረዋል። ሁለተኛው ድምፁ ከመውጣቱ በፊት ኩርባውን መልሶ እንዲያነሣለት ያዝዛል። ውጤቱን «ፍላት» አድርገሽ ሊሚተሩን 75 ላይ ብትተዪው ከፍተኛ ድምፆችን ከሚገባው በላይ ይጫናቸዋል፤ ዜና አንባቢዋ ጉንፋን የያዛት ትመስላለች።


ሞገድ 19

በዚህ ላይ ከጋሼ ጋር አልስማማም። ትክክለኛው መፍትሔ ፕሮሰሰሩን ወደ ኮረብታው ማውጣትና በኤምፒኤክስ በቀጥታ ከኤክሳይተሩ ጋር ማገናኘት ነው። የፕሮሰሰር አምራቹ ኦርባን በ1975 እ.ኤ.አ. ኦፕቲሞድ የተባለውን የመጀመሪያ ፕሮሰሰር ሲያወጣ ኮምፕሬሰሩን፣ ሊሚተሩንና ስቴሪዮ ጀነሬተሩን አንድ ሳጥን ውስጥ ያስገባው በከንቱ አይደለም። ሊሚተሩ በጥንቃቄ የገደበውን ጫፍ ከኋላው የሚመጣ ሌላ የ15 ኪሎ ኸርዝ ማጣሪያ መልሶ ያስዘልለዋል። በመካከሉ ሊንክ ሲገባበት ደግሞ ይብሳል። በተለይ ሊንኩ ድምፁን የሚያጭቅ (መረጃውን ቀንሶ የሚልክ) ከሆነ የተገደበው ጫፍ ሁሉ ይዘበራረቃል፤ ያን ጊዜ ከተፈቀደው የ75 ኪሎ ኸርዝ ዲቪዬሽን ላለማለፍ ጠቅላላውን ድምፅ መቀነስ ግድ ነው። ፕሮሰሰር የተገዛው ለምን ሆነ ታዲያ?


የድሮ ማሰራጫ

ሞገድ፣ በመርሕ ደረጃ ልክ ነህ። ግን ኮረብታው ላይ ምን እንዳለ እናስብ። ኃይል በተቋረጠ ቁጥር ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ የሚወዛወዝ ቮልቴጅ፣ ማራገቢያን የሚደፍን አቧራ፣ በክረምት መኪና የማይወጣው መንገድ። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ዕቃው ሙቀቱን በቀላሉ አያወጣም። ይህች ልጅ አንድ ቅንብር ለማስተካከል በጭቃ ዳገት መውጣት የለባትም። ስቱዲዮ ውስጥ ሆኖ በየቀኑ የሚታየው ፕሮሰሰር ኮረብታ ላይ ተረስቶ ከሚቀረው ይሻላል። መጀመሪያ ሊንኩ በእርግጥ እንደሚያጭቅ እንጠይቃት።


ቴክኒሻኗ

የሊንኩን ቅንብር ከፍቼ አየሁት። ያጭቃል። ግን ያለ ማጨቅ ማሳለፍ የሚችልበት ምርጫም አለው። ስፋቱ ይበቃል?


ሞገድ 19

ሂሳቡ ቀላል ነው። በሰከንድ 48,000 ናሙና፣ በ16 ቢት፣ በሁለት ቻናል 1.536 ሜጋ ቢት ይሆናል። በእንዲህ ያለ ሊንክ የተለመደው የ2.048 ሜጋ ቢት መስመር ይሸከመዋል። ያለ ማጨቅ ካለፈማ ክርክሬን አነሣለሁ፤ ስቱዲዮ ውስጥ ይቆይ። ኤክሳይተሩ የራሱ መከላከያ ሊሚተር ካለው ሥራ ፈት ሆኖ ከጫፉ በላይ ይጠብቅ፤ በየሰከንዱ የሚነካ ከሆነ የፕሮሰሰሩን ውጤት በትንሹ ቀንሺ።


ብየዳና ገመድ

ሁላችሁም ስለ «ሰ» ስታወሩ ከእንስራ ውስጥ የሚናገረውን አቅራቢ ረሳችሁት። እህቴ፣ ያ ሌላ ሕመም ነው። በማዳመጫ ሲሰማ አለ፣ ባለ አንድ ድምፅ ማጉያ ሬዲዮ ላይ ይጠፋል ካልሽ አንደኛው ቻናል ተገልብጧል ማለት ነው። ግራና ቀኝ ሲደመሩ አቅራቢው ራሱን ያጠፋል፤ የሚቀረው የክፍሉ ገደል ማሚቶና የሙዚቃው ጠርዝ ብቻ ነው። አዲስ የተሠራውን ገመድ ክፈቺ። አንደኛው እግር ግራውንድ፣ ሁለተኛው ሙቁ (ድምፁን በቀጥታ የሚይዘው)፣ ሦስተኛው ቀዝቃዛው (ያንኑ ተገልብጦ የሚይዘው) ነው። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ከመክፈትሽ በፊት ሚክሰሩ ላይ አቅራቢውን መሀል አድርጊና ግራና ቀኙን ደምረሽ አዳምጪ። እዚያ ካለ፣ ከፕሮሰሰሩ በኋላ ደግሞ ደምረሽ ከጠፋ፣ ጥፋቱ በሁለቱ መካከል ነው።


ቴክኒሻኗ (ረቡዕ ማታ)

አገኘሁት። ከሚክሰሩ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚገባው የቀኝ ገመድ ነው። የሴቴውን ጫፍ ሽፋን ፈትቼ ወደ ኋላ ስስበው ቀዩ ሽቦ ሁለተኛው እግር ላይ ነው። በወንዴው ጫፍ ግን ቀዩ ሦስተኛው ላይ፣ ነጩ ሁለተኛው ላይ ተበይዷል። ብየዳው ንጹሕና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ከውጭ የሚያየው ማንም አይጠረጥረውም። ቀይሬ በየድኩትና ገበያ ካለ አንድ ሻይ ቤት ገብቼ በትንሿ ሬዲዮ አዳመጥኩ። አቅራቢው ጥርት ብሎ ተመልሷል። ፕሪኤምፋሲሱም 50 እና «ፍላት» ሆኗል። በድጋሚ ስለካው 400ው 3 ላይ ሲሆን 10 ኪሎ ኸርዙ ከ10 ትንሽ አለፍ ይላል። «ሽማግሌዎች» አሁን ሽማግሌዎች ናቸው!

ደግሞም ከሩቅ ወረዳዎች ሽሽታ በዛ ብለው ሲደውሉልን የነበሩ አድማጮች ዛሬ ቀነሰ አሉን። ከገመዱ ጋር ይገናኛል?


ብየዳና ገመድ

በደንብ ይገናኛል። ቻናሉ ሲገለበጥ አቅራቢው ከዋናው የሞኖ ክፍል ወጥቶ በ38 ኪሎ ኸርዝ ዙሪያ ወዳለው፣ የግራና የቀኝ ልዩነት ወደሚሄድበት ክፍል ይዛወራል። ያ ክፍል ሽሽታ የሚበዛበት ነው፤ ርቀት ላይ ያለ ስቴሪዮ ከሞኖ በ20 ዴሲቤል በላይ የሚከፋውም በዚያ ምክንያት ነው። ሲግናሉ ሲደክም ብዙ ሬዲዮዎች ያንን ክፍል ራሳቸው ይቀንሱታል። አቅራቢያችሁ ደግሞ የነበረው እዚያ ብቻ ነበር።


ቀጥታ ስርጭት

ይህን ሁሉ ሳነብ ከርሜ የእኛንም ጣቢያ ባለሙያ እንዲያይ ልኬለታለሁ። አሁንም ግን ጎላ ማለት ያስፈልጋል እላለሁ።


የድሮ ማሰራጫ

ጎላ ማለት ይቻላል፤ ግን አማርኛ መሆኑን አትርሱ። «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ቀ» እና «ጸ» በጉሮሮ ተይዘው በድንገት የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው። ከባድ ክሊፐር (የድምፁን አናት የሚቆርጠው የፕሮሰሰሩ ክፍል) የመጀመሪያውን ፍንዳታ ቆርጦ ከ«ጠ» «ተ»ን ሊያስመስል ይችላል። ለሌላ አገር የሙዚቃ ጣቢያ የተሠራውን ዝግጁ ቅንብር ወስዶ የአማርኛ ዜና ላይ መጫን ዜናውን መጉዳት ነው። ለንግግር የተዘጋጀውን መርጠሽ ክሊፐሩን ሁለት ሦስት ዴሲቤል አላሊው። ቀርፋፋው የድምፅ ማመጣጠኛ ደግሞ ጌት (ንግግር ሲቆም ማጉላቱን የሚያስቆም) ይኑረው። አለበለዚያ አንባቢዋ ትንፋሽ ስትወስድ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ከፍ ከፍ እያለ ይመጣል።


ቴክኒሻኗ (ዓርብ ጠዋት)

ተመለሰ! ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ መጣ፤ ዛሬ ጠዋት «ሰ» እንደገና ይሰነጠቃል። ገመዱ ደኅና ነው፤ ኤክሳይተሩን ማንም አልነካውም። የፕሮሰሰሩን ገጽ ስከፍት 75 ይላል፤ «ፍላት»ም የለም። ማን ቀየረው?


ከዋሽንግተን ዳርቻ

ማንም አልቀየረውም፤ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ተመልሶ ነው። ብዙ የድሮ ፕሮሰሰሮች ቅንብራቸውን የሚያስታውሱት በውስጣቸው ባለች ክብ የሊቲየም ባትሪ ነው። ብዙውን ጊዜ ባለ 3 ቮልቷ ሲአር 2032 ናት። እዚህ የኃይል መቆራረጥ ብዙም ስለሌለ ባትሪዋ ብትሞትም ማንም ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ። አገር ቤት እንደደረሰ ግን የመጀመሪያው መብራት መጥፋት ያጋልጣታል።

መጀመሪያ ያለሽን ቅንብር ሁሉ በወረቀት ጻፊ። ከዚያ ዕቃውን አጥፍተሽ፣ ከሶኬት ነቅለሽ ክፈቺው። ባትሪዋ በመያዣ ላይ ከሆነች ቀላል ነው። የተበየደች ከሆነች ለብየዳ ጆሮ ያላትን ዓይነት ፈልጊ፤ ተራዋን ባትሪ በቀጥታ መበየድ አደገኛ ነው። ፕላስና ማይነሷን አስተውዪ።


ቴክኒሻኗ (ቅዳሜ ከሰዓት)

መያዣ ላይ ናት። ለካኋት፤ 2 ቮልት እንኳን አትሞላም። ከሰዓት ሠሪ ሱቅ አዲስ ገዝቼ ቀየርኩ፣ ቅንብሩን መልሼ አስገባሁ፣ ከዚያ ሆን ብዬ ሦስት ጊዜ ኃይል አቋረጥኩበት። 50 እና «ፍላት» ሆኖ ይነሣል። የቅንብሩን ዝርዝር አትሜ የራኩ በር ውስጠኛው ገጽ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሥራ አስኪያጁም ለፕሮሰሰሩና ለሊንኩ አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) እንዲገዛ ፈቅደዋል።

እምታው ግን አሁንም አለ፤ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም።


ሞገድ 19

50 ኸርዝ ነው ወይስ 100? በስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መተንተኛ መተግበሪያ ያሳይሻል። 100 ከሆነ የአንዱ ዕቃ የኃይል ክፍል ካፓሲተሮች ደርቀው ይሆናል። 50 ከሆነ የግራውንድ ዙር (ዕቃዎች ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ከግራውንድ ጋር ሲገናኙ የሚፈጠር) ነው፤ ግብዓቶቹን አንድ በአንድ እየነቀልሽ የሚያጠፋውን ፈልጊ።


ቴክኒሻኗ

50 ነው። ሙዚቃ የምናጫውትበትን ላፕቶፕ ቻርጀር ስነቅል ጸጥ አለ። ከላፕቶፑ ወደ ሚክሰሩ የሚሄደው ተራ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ነው።


ብየዳና ገመድ

በመካከሉ ባለ ትራንስፎርመር ማግለያ አስገቢበት። የቻርጀሩን የግራውንድ እግር ግን በፍጹም እንዳትቆርጪ፤ እሱ የሰው ሕይወት መጠበቂያ ነው።


ቀጥታ ስርጭት

አንድ የአቅራቢ ጥያቄ አለኝ። ፕሮሰሰር ከገባ ወዲህ በማዳመጫዬ የራሴን ድምፅ ዘግይቶ ስለምሰማው ምላሴ ይተሳሰርብኛል። መፍትሔ አለው?


ሞገድ 19

ዲጂታል ፕሮሰሰር ድምፁን አስቀድሞ አይቶ ስለሚሠራ ጥቂት ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ያዘገየዋል፤ ሊንኩም የራሱን ይጨምራል። ከአየር የሚመለሰውን አታዳምጥ፤ ማዳመጫህን በቀጥታ ከሚክሰሩ ውሰድ። ስርጭቱ መቋረጥ አለመቋረጡን ለማወቅ ከአየር የሚመጣውን በትንሽ ድምፅ ማጉያ ለቴክኒክ ክፍሉ ተውላቸው።


የድሮ ማሰራጫ

ልጄ፣ ከመዝጋትሽ በፊት ፓይለቱ ስንት ላይ እንዳለ ንገሪኝ። ሁሉንም ስትቀያይሩ እሱ ሳይዛባ አይቀርም።


ቴክኒሻኗ

19 ኪሎ ኸርዙ 9 በመቶ ላይ ነው፤ ዲቪዬሽኑ 6.75 ኪሎ ኸርዝ። ጠቅላላው ዲቪዬሽን በዜናም በሙዚቃም ከ75 ኪሎ ኸርዝ አያልፍም። ማግለያው ሰኞ ከአዲስ አበባ ይላክልኛል፤ እንደገባ ለክቼ እዚሁ እጽፋለሁ።